ከሜዳ እስከ ጉባኤ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማና እኛ ያልጨረስነው ትምህርት

ቅዳሜ ጧት ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው በፍሪስኮ ከተማ፣ የሕጻናት እግር ኳስ በሚካሄድባቸው ሜዳዎች ዳር ቆሞ አማርኛ ሳይሰማ የሚመለስ ሰው ያለ አይመስለንም። አባቶች ቡናቸውን በፔርሙዝ ይዘው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይከራከራሉ፤ እናቶች በአንድ ዓይናቸው ኳሷን፣ በሌላው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ፤ ልጆቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ እየተጯጯሁ ይሮጣሉ። እዚያው ፍሪስኮ፣ ኤፍ ሲ ዳላስ በሚጫወትበት በቶዮታ ስታዲየም ውስጥ፣ ከ2018 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የእግር ኳስ የዝና አዳራሽ ይገኛል። ልጆቻችንን ይዘን ስንገባ አሜሪካውያን ለእግር ኳስ ሰዎቻቸው ያቆሙትን መታሰቢያ እናያለን። ስንወጣ ግን ከልጆቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፤ የእኛስ ሰው የት አለ?

ይህንን ጥያቄ ያለ መልስ ልናልፈው አልፈለግንም። በተለይም የ2026 የዓለም ዋንጫ 9 ጨዋታዎች ከፍሪስኮ ብዙም ለማይርቀው ለአርሊንግተን ስታዲየም ሲመደቡ፣ አፍሪካም በዚያው ውድድር 9 ቀጥተኛ ቦታዎች ሲሰጧት፣ እነዚህ ቦታዎች ከየት እንደመጡ ብዙዎቻችን አላሰብንበትም። በ1966 አፍሪካ ለራሷ የተረጋገጠ አንድም ቦታ አልነበራትም። ያንን ታሪክ ከቀየሩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ የአራዳ ጊዮርጊስ አጥቂ የነበሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ማለትም በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው ስመ ጥር የነበሩ ባለ ቅኔና ድምጻዊ ሲሆኑ፣ በ1908 ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ ድምጻቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነዋል። ነጋድራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ስለነበሩ የቤተ መንግሥት መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ ቤተሰቡ በሚገባ ያውቀዋል። ልጃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተው ፈረንሳይኛ ተማሩ፤ ይህ ቋንቋ ኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ዋና መሣሪያቸው ሆነ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች። ወራት ሳይቆዩ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው ኳስን አልከለከለም፤ ነገር ግን ለነጭ ሌላ፣ ለጥቁር ሌላ አደረገው። ኢትዮጵያውያን ከኢጣሊያኖች ጋር እንዳይጋጠሙ ተደረገ፣ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር የሚል የኢጣሊያ ስም ተለጠፈበት። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስ ያደጉት እንግዲህ በገዛ አገራቸው በቀለም በተከፈለ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚታገልለት ነገር አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነቱ ካመመው ነገር ይነሳል። እኚህ ሰው ኋላ በደቡብ አፍሪካ ላይ ያሳዩት አለመታጠፍ ምንጩ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1944 በአምስት ቡድኖች ተጀመረ። የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። አንባቢ ያስተውል! በኢትዮጵያ ዋና ከተማ በተደረገ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከአምስቱ የሐበሻው ቡድን አንድ ብቻ ነበር። የዚያን ዓመት ዋንጫም የእንግሊዞቹ ወሰዱት። ስለዚህ ጊዮርጊስ ሲያሸንፍ ከተማው በደስታ የሚናጠው ለኳስ ብቻ ሲል አልነበረም። ክለቡ በ1950 የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ድል አገኘ። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1958 ድረስ ለሌላ ክለብ ሳይጫወቱ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን በስማቸው አስመዝግበዋል። የብሔራዊ ቡድኑንም ማልያ 15 ጊዜ ለብሰዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስማቸው ከአራዳ ሽማግሌዎች ወግ ባላለፈ ነበር። ነገር ግን እኚህ ሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ እየተጫወቱ ሳለ፣ የስፖርቱን ቤት ከመሠረቱ መገንባት ጀመሩ። በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደንብ ጻፉ፣ የጨዋታ ሕጎችን ወደ አማርኛ መለሱ። ኢትዮጵያ በ1952 የፊፋ አባል ሆነች፤ በ1956 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተሳተፈች። በዚህ ሁሉ ጀርባ የአቶ ይድነቃቸው እጅ ነበረበት። ዛሬ ሕግ የሌለው ድርጅት አቋቁመን ለምን ፈረሰ ብለን ለምንደነቅ ለእኛ፣ ይህ ሰው ከዋንጫ በፊት ደንብ ማስቀደማቸው ትምህርት ሊሆነን ይገባል።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም። ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ለመመሥረት ተሰበሰቡ። ከአህጉሩ አብዛኛው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረ ከእነዚህ ሌላ ለመቀመጥ የቻለ አልነበረም። አቶ ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ጥያቄው ወዲያው መጣ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን፣ አለዚያም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እልካለሁ፣ ቀላቅዬ ግን አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች መልሳቸው አጭር ነበር፤ እንዲህ ከሆነ አትጫወቺም። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፣ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ ነበር። ከዋንጫው ይልቅ በታሪክ የሚመዘነው ግን ያ እምቢታ ነው። ያኔ ስለ አፓርታይድ አፉን ሞልቶ የሚናገር የምዕራብ መንግሥት ከየት ይገኝ ነበር?

ከአምስት ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከግብጽ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘን። እንግዶቹ ሁለት ጊዜ መሩ። የእኛዎቹ በግርማ ተክሌና በሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አስመራ ላይ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ። ያ ቡድን የአራዳውን፣ የአስመራውንና የክፍለ ሀገሩን ልጅ በአንድ ማልያ ያሰለፈ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ደግማ አላገኘችም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ፊፋ በ1964 መጀመሪያ ላይ ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎችን ሲያከፋፍል ለአውሮፓ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ 4፣ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ 1 ሰጠ። ቀሪዋን አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ ወረወረላቸው። አፍሪካን ያሸነፈ ቡድን እንደገና የእስያውን ማሸነፍ ነበረበት። በዚህ ላይ የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በ1961 ታግዳ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን በ1963 እንድትመለስ አድርገው ነበር።

አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ከዚህ በኋላ ልመና በቃ አሉ። የፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ ድጋፍ ነበራቸው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ አፍሪካ ያለ ምንም ተጨማሪ ማጣሪያ አንድ የራሷ ቦታ ይሰጣት የሚል ነው። ካፍ በ1964 አድማውን ወሰነ፣ ለማጣሪያው የተመዘገቡት የአፍሪካ ቡድኖችም ጥለው ወጡ። አድማው ዋጋ ነበረው። ያኔ ጋና በ1963ና በ1965 የአፍሪካ ዋንጫን በተከታታይ የወሰደ ትልቅ ቡድን ነበራት፤ እነዚያ ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ቀሩ። ፊፋም የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው። በመጨረሻ አፍሪካ በሌለችበት ሰሜን ኮሪያ አውስትራሊያን ብቻ አሸንፋ ወደ እንግሊዝ ሄደችና ኢጣሊያን ጉድ ሠራቻት።

ውጤቱስ? ብዙ አልቆየም። ፊፋ ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ሰጠ፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ላይ ተሰለፈች። በ1982 ሁለት ሆነ፣ በዚያውም ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ቦታው እንደሚገባን አስመሰከረች። በ1994 ሦስት፣ በ1998 አምስት፣ በ2026 ደግሞ 9። ፍሪስኮ ላይ ሆነን የምንቆጥራቸው እነዚያ 9 ቦታዎች የመጀመሪያው ጡብ የተጣለው በዚያ እምቢታ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ የሚገባን አንድ ጉዳይ አለ። እኛ ስደተኞች ስለ አድማ ብዙ እናውቃለን፣ ብዙም ጠርተናል። ይህንን ሱቅ አትግዙ፣ ያንን ዘፋኝ አትዩ፣ በዚያ አየር መንገድ አትሂዱ እንላለን። አብዛኛው ግን በሳምንቱ ይረሳል። የ1966ቱ አድማ ለምን ሠራ? በአንድ በኩል ጥያቄው አንድና የሚቆጠር ነበር። በሌላ በኩል አረቡም፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም አብሮ ወጣ፤ በጓሮ በር ተመልሶ የገባ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ግን ወጥተው ዝም አላሉም። ከሜዳው ቢወጡም ከጉባኤው አልወጡም፤ አቶ ይድነቃቸው በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው ድምጽ በድምጽ እየቆጠሩ ታገሉ። መውጣትና መቀመጥን አንድ ላይ ማወቅ ብልህነት ነው።

በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያ ዓመት በፊት በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በፍራንክፈርት ጉባኤ ሰር ስታንሊ ራውስ ወንበራቸውን ለብራዚላዊው ለጆአኦ ሃቨላንጅ አስረከቡ። ሃቨላንጅ ያለ አፍሪካ ድምጽ ያንን ምርጫ ባላሸነፉም ነበር። በ1976 ደግሞ ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ አባረረ። ከካርቱሙ እምቢታ እስከ ሞንትሪያል 19 ዓመት ወሰደ።

በዚያው ሐምሌ፣ በዚያችው ሞንትሪያል፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች፤ ምሩጽ ይፍጠርም በጉልበቱ ወራት ያንን መድረክ አጣ። እስከ 1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ ጠብቆ ነው ሁለቱን ወርቅ ያገኘው። ለመርህ የሚከፈል ዋጋ እንዲህ ይመራል። ይሁን እንጂ በ1984 ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ የቀረችው ለጥቁር ሕዝብ መብት ሳይሆን መንግሥቷ የሞስኮን ሰልፍ ስለተከተለ ነው። ሁለቱም መቅረት ይባላሉ፤ ነገር ግን በሰማይና በምድር መካከል ያለውን ያህል ልዩነት አላቸው። አንዱ ለራስ ክብር፣ ሌላው ለጌታ ደስታ።

ከአንባቢያን መካከል አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። እኚህ ሰው በንጉሡ ዘመን ባለሥልጣን ነበሩ፣ በደርግ ዘመንም እስከ ዕለተ ሞታቸው በአዲስ አበባ ኖረዋል፤ እንዴት ነው ነገሩ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ያ ዘመን የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የማያውቅ ስደተኛ የለም። የ1962ቱ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ራሱ በ1978 አገሩን ጥሎ ተሰዶ በ2022 ሮም ላይ አርፏል። አቶ ይድነቃቸውን ደርግን በአደባባይ የተፋለሙ አርበኛ አድርገን አናቀርብም። ነገር ግን ወንበራቸውን የሰጣቸው ንጉሡም ደርግም አልነበሩም፤ የአፍሪካ ጉባኤ ነው። በንጉሡ ጊዜ የያዙትን አቋም በደርግ ጊዜ አልለወጡትም። ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው አርማ ሲቀያየር ያልተቀየረ ሰው በእኛ አገር ስንት ይገኛል?

ፍጹም ነበሩ ማለታችንም አይደለም። በ1965 ካፍ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከአገሩ ውጭ የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾች እንዳያሰልፍ ደንግጎ ነበር። ሀሳቡ የአፍሪካ ልጆች ጉልበት ለአውሮፓ ክለቦች እንዳይፈስ ነው፤ አቶ ይድነቃቸውም በዚህ ስጋት ከልባቸው ያምኑ ነበር። ደንቡ ግን የሚሄደውን አላስቆመም፣ የሄደውን ቀጣ እንጂ። በ1982 ተሻረ። ከአገር የወጣ ልጅ ከአገሩ ማልያ መለየት እንደሌለበት እኛ በውጭ የምንኖር በደንብ እናውቃለን። ስጋታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። ዛሬ የአፍሪካ ሊጎች ባዶ ስታዲየም ይዘው፣ ሕዝባቸው ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ በቴሌቪዥን ሲያይ ማየት ምን ይባላል? በሽታውን አይተውታል፣ መድኃኒቱን ግን ስተውታል።

ሌላው የማይረሳው ትምህርታቸው አፍሪካ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ተናጋሪነት እንዳትከፋፈል መታገላቸው ነው። ጎሰኝነትንም ሆነ ማንኛውንም መድልዎ ከኳስ ሜዳ እንዲወጣ አስተምረዋል። የሲጋራና የአልኮል ኩባንያዎች ገንዘብ የወጣቱን ጨዋታ እንዳይገዛውም ተሟግተዋል። ብዙ ገንዘብ የማያውቀው ካፍ በእሳቸው ጊዜ ድሃ ነበር፤ ክብሩ ግን አልተሸጠም።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው አረፉ። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ ሄዱ። ሲያርፉም የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ጥላ በ1992 ወደ ካፍና ወደ ፊፋ ስትመለስ፣ በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ በ2010 የዓለም ዋንጫን በአፍሪካ ምድር ስታስተናግድ ለማየት አልታደሉም።

ታሪክ ግን የራሷ ቀልድ አላት። ኢትዮጵያ ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፍታ በ2013 ስትመለስ ውድድሩ የተዘጋጀው የት ነበር? ደቡብ አፍሪካ! በኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት በዚያ አገር የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሰውት ነበር። አዳነ ግርማ አቻ የምታደርገንን ግብ ሲያገባ ያልጮኸ ማን ነበር? በ1957 አንዲት ኢትዮጵያ ከቀለም ጋር አልጫወትም ስላለችው አገር፣ ከ56 ዓመት በኋላ ልጆቿ በነጻነት ገብተው ጨፈሩ። ዋንጫ አላገኘንም፤ ከምድባችንም አላለፍንም። ያቺ ቀን ግን ለአቶ ይድነቃቸው ሐውልት ናት።

ወደ ቴክሳስ እንመለስና እናብቃ። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድሩን በ2012 ያካሄደው እዚሁ ዳላስ ነበር። በዚያው ሰሞን ሌላ ውድድር ዋሽንግተን ላይ ተጠራ፤ ወዳጅና ወዳጅ፣ ወንድምና ወንድም በሁለት ከተማ ተለያይቶ ኳስ አየ። ማን ጥፋተኛ እንደነበር ዛሬ መፍረድ አንሻም። ብቻ አፍሪካን የሚያህል አህጉር በአንድ ድምጽ ያስነሱ ሰው ወገኖች ሆነን፣ አንድ የኳስ ሜዳ ለሁለት መክፈላችን ሊያሳፍረን ይገባል።

እንግዲህ በፍሪስኮው አዳራሽ በር ላይ የእኛስ ሰው የት አለ ብሎ ልጃችን ሲጠይቅ መልሱ ይኸው። ያ አዳራሽ ለአሜሪካ ኳስ የተሠራ ስለሆነ የአቶ ይድነቃቸውን ምስል እዚያ መፈለግ አይገባንም። የእሳቸው አዳራሽ እኛ ነን። 318 ግብ ያገባውን አጥቂ ለልጆቻችን መንገር ቀላል ነው። ይልቁንስ ለአንድ ግልጽ ጥያቄ አብሮ መውጣትን፣ ከወጡም በኋላ ወንበርን አለመልቀቅን እንንገራቸው። ከመንገርም አልፈን በየማኅበራችን፣ በየፌዴሬሽናችን፣ በየእድራችን እንኑረው።

ቸር ይግጠመን!